አራተኛዋ ዶሮ

ታምሲን ወጥ ቤት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ጨዉን ስታይ በቃ ወዲያው ገባት። ሦስት ኪሎ ጨው! ሦስት ኪሎ ጨው ባንዴ የሚገዛ ሰው ወይ ቆዳ ፋቂ ነው ወይ የሷ እናት ናት። ከጨዉ አጠገብ አንዲት ሙሉ ዶሮ፣ ላባዋ ተነጭቶ፣ እግሯን ሰብስባ፣ አንጀት የምትበላ ሆና ፌስታል ውስጥ ተጋድማለች። ከዶሮዋ አጠገብ ደግሞ ትልቅ ካርቶን። ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ሜሪዲ» ተብሎ ተጽፏል።

«አይ እማ» አለች ታምሲን። ከውጭ ዝናብ ላይ እንጨት ተሸክማ መግባቷ ነው፣ ቦቲዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ክንዷ ዝሏል፣ ግን ያን ሰዓት የደከማት ድካም የእንጨቱ ብቻ አልነበረም።

«ምን አይ እማ ትያለሽ? ገና አፌን ሳልከፍት!» አለች እናቷ ብሮንዊን፣ ካፖርቷን እንኳን ሳታወልቅ።

«ዶሮዋ ነግራኛለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ታምሲን አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ እህቷ ዊኒ ደግሞ ስምንት፣ እና ሁለቱም ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። እቤት ነው የሚማሩት፣ አስተማሪያቸውም እናታቸው ናት። እዚህ ሁዎን ሸለቆ እንደነሱ እቤቱ የሚማር ልጅ ሞልቷል። ሐሙስ ሐሙስ ሁሉም ቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ልጆቹ ኳስ ይራገጣሉ፣ እናቶቹ ሻይ ይዘው ስለ ካሪኩለም፣ ማን ልጁን በየትኛው መጽሐፍ እንደሚያስተምር፣ ያወራሉ። ጉዱ ያለው እሱ ወሬ ላይ ነው! ብሮንዊን ሐሙስ ጠዋት ደህና ሴት ሆና ትሄድና ከሰዓት የሌላ ሰው መጽሐፍ ልቧን ሰርቆት ትመለሳለች። የሜሪዲ ልጅ ላቲን ያነበንባል፣ የሌላዋ በሰባት ዓመቱ ክፍልፋይ ይደምራል፣ የሌላዋ ደግሞ ቫዮሊን… ከዛ መኪና ውስጥ ዝም ትላለች። እሱ ዝምታ ነው የሚያስፈራው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲስ ካርቶን እቤት ይገባል።

እና አዲስ የመጣ ካሪኩለም ሁሉ፣ ሁሉም፣ አንድ እንኳን ሳይቀር፣ ታሪክ የሚጀምረው ከግብፅ ነው። ደሞ ከናይል፣ ደሞ ከፒራሚድ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ «ሙሉ ዶሮ ይግዙ» ይላል። ዶሮዋን ልክ እንደ ፈርዖን ሬሳ ሆዷን አጽድቶ፣ ጨው ውስጥ ቀብሮ፣ አርባ ቀን አድርቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በክብር መቅበር ነው።

የመጀመሪያዋን ሲያደርጉ ታምሲን የዊኒ እኩያ ነበረች፣ እና እውነት እውነት በጣም ነበር ደስ የሚለው! ንግሥት ክሎቲልዳ ብለው ስም አወጡላት፣ ከጫማ ካርቶን ሬሳ ሳጥን ሠሩላት፣ ፖሙ ዛፍ ስር ቀብረው ታምሲን የምሯን አለቀሰች። ሁለተኛዋን ውሻቸው ቢስኪት ቆፍሮ አውጥቶ በላት፤ ከዛ በኋላ ውሃ ብቻ ሲጠጣ ሁለት ቀን ሰነበተ። ሦስተኛዋ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሸተተችና ያ ሽታ እስከ ገና አልለቀቀም። አባታቸው ዳሪል ከአሳ እርባታው ገብቶ ጨዉን ባየ ቁጥር የሚላት ነገር አለችው፦ «እስራኤላውያን እንኳን ከግብፅ ወጥተዋል፤ እናንተ መቼ ነው?»

ግን እኮ ዘንድሮ ወጥተው ነበር! ዘንድሮ ግብፅን አለፉ፣ ግሪክን አለፉ፣ ሮም ገቡ። ካርባው ሳምንት ሠላሳውን ጨርሰዋል። ሠላሳ! እናታቸው እያንዳንዱ ሳምንት ሲያልቅ መጽሐፉ ማውጫ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ታደርጋለች፣ እና ታምሲን አንዳንዴ ዝም ብላ ገልጣ ራይቶቹን ታያቸው ነበር። በሕይወቷ አንድም መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ደርሳ አታውቅማ። የሒሳቡን መጀመሪያ አራቴ ተምራለች፣ መጨረሻውን ግን አንዴም። አሁን አስር ሳምንት ብቻ ነው የቀራት። እሱን ብቻ ነበር የፈለገችው፤ አንድ ነገር፣ እስከ ዳር።

ባለፈው አርብ ሃኒባል ሮምን ሊወጋ ሠላሳ ሰባት ዝሆን ይዞ አልፕስ ተራራ ላይ፣ በረዶው መሃል ላይ ነበር ያቆሙት። ታሪክ የሚነበበው አርብ አርብ፣ ሦስቱም ተሰብስበው ነው። ታምሲን ለብቻዋ ገልጣ ማንበብ ያቅታታል ማለት አይደለም፤ ግን እሱ መስረቅ እንጂ መጨረስ አይባልም።

«መጽሐፎቻችንስ?» አለች።

ብሮንዊን ካፖርቷን አወለቀች፣ ሰቀለች፣ ዞራ ደሞ አስተካከለች። «ነገ ጠዋት ሜሪዲ መጥታ ትወስዳቸዋለች። ተቀያየርን።»

«ሮምን ሰጠሻት?!»

«ልጇ ላቲን ያነባል፣ ታሚ። ላቲን! ዛሬ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«እና እዚህ ላቲን ማን ሊያወራው ነው? በጎቹ?»

«አትቀልጂ።»

«ኧረ አልቀለድኩም። ደክሞኛል እማ። በናትሽ።»

«እኔስ?» ብሮንዊን ወንበር ስባ ዘፍ አለች። ፊቷ ከዶሮዋ ፊት… ማለት ዶሮዋ ፊት እንኳን የላትም፣ ግን ያው፣ እንደዛ ነጭ ነበር። «እኔ አልደከመኝም? እቃ እያጠብኩ ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ? ሃያ ዓመት ሲሞላሽ በዛ በር ገብተሽ ‹ለምን ያንን አላስተማርሽኝም› ስትዪኝ ነው የሚታየኝ። ሁልጊዜ። ‹ያንን› ስትዪ ደግሞ የትኛውን እንደሆነ አላውቀውም፣ ስለዚህ ሁሉንም እሞክራለሁ። እናንተን እያበላሸሁ ቢሆንስ?»

«ሃያ ዓመት ሲሞላኝ መጥቼ የምልሽን ልንገርሽ? ‹ዝሆኖቹ ምን ሆኑ?› ነው የምልሽ።»

ልክ ያን ሰዓት ዊኒ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ከውጭ ገባች፣ ቢስኪትም ተከትሏት።

«ኡይ! ዶሮ ጥብስ ልንበላ ነው?»

ዊኒ ዶሮዋን አየች። ጨዉን አየች። ካርቶኑን አየች። ከዛ ልክ እንደ ሰባ ዓመት አሮጊት በረጅሙ ተነፈሰችና «ይቺን ደግሞ ማን እንበላት?» አለች።

በዚህስ ታምሲን ሳቋ አምልጧት ነበር፤ እናቷ ግን አልሳቀችም።

«ሃኒባልስ?» አለች ዊኒ።

«አዲሱም ውስጥ ሃኒባል አለ፣ የኔ ማር።»

«ስንተኛው ሳምንት?»

«እስቲ…» ብሮንዊን ካርቶኑን ከፍታ ዋናውን መጽሐፍ አወጣች። ወፍራም ነው፣ ሽፋኑ ላይ ያው ፒራሚድ። ማውጫውን ገልጣ በጣቷ ቁልቁል ወረደች። «ሠላሳ ስምንት።»

«ሠላሳ ስምንት ሳምንት?! ዝሆኖቹ በረዶው ላይ ያን ሁሉ ጊዜ ሊቆሙ?»

ብሮንዊን ግን እየሰማቻት አልነበረም። ጣቷ ማውጫው ላይ ቀርቷል። ታምሲን ምን አይታ ነው ብላ በትከሻዋ በኩል አንገቷን አሰገገች።

ራይት ነው። ሜሪዲም እንደሷ ማውጫው ላይ ራይት ታደርግ ኖሯል፣ በጥቁር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዘጠኝ። ዘጠኝ ላይ አለቀ። ከጥቁሩ ጎን አረንጓዴ ራይት አለ፤ እሱ አስራ አንድ ላይ ያልቃል። ከአረንጓዴው ጎን ሰማያዊ፤ እሱ አስራ አራት ደርሷል። ከዛ ወዲያ ንፁህ ወረቀት ነው።

ታምሲን መጽሐፉን ከእናቷ እጅ ወስዳ የሽፋኑን ውስጥ ገለጠች። ሦስት ስም። ግዌንዳ፣ ተሰርዟል። ፐርል፣ ተሰርዟል። ሜሪዲ። ሦስቱም ሴቶች የሐሙስ ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱንም ያውቋቸዋል፣ እና ብሮንዊን በየተራ በሦስቱም ቀንታ ታውቃለች። በግዌንዳ የቀናችው የሁለተኛዋ ዶሮ ጊዜ ነው!

«ሦስተኛውን ሳምንት ግለጪው» አለች ዊኒ፣ ወንበር ላይ ወጥታ።

ገለጡት። ገጹ ተጨማዷል፣ ቢጫ ሆኗል፣ መሃሉ ላይ የቅባት ጣት አሻራ አለበት፣ ሲገለጥ ደግሞ ሽር ብሎ ጨው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሦስቱም ዶሮ አድርቀዋል። ከዛ ታምሲን ወደ ፊት ገለጠች፣ አስራ አምስት፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ወረቀቶቹ ጠርዛቸው ላይ እንደተጣበቁ ናቸው፤ ሲላቀቁ ጠሽ ጠሽ ይላሉ፣ ሽታቸውም ገና ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ነው። ሠላሳ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ያለውን የሃኒባል ዝሆን የሰው ዓይን አይቶት አያውቅም።

«ላቲኑስ?» አለች ታምሲን። ካርቶኑ ውስጥ ቀጭን የላቲን መልመጃ አገኘች። በእርሳስ ተሞልቷል፣ እስከ ስድስተኛው ትምህርት። «እማ፣ ያ ልጅ ዛሬ ምን ሲል ነው የሰማሽው?»

«እኔ እንጃ፣ ላቲን ነዋ… ስለ መርከበኛ መሰለኝ።»

«ሁልጊዜ ስለ መርከበኛ ነው!» አለች ዊኒ። «መርከበኛው ልጅቷን ይወዳታል። እኔም እችለዋለሁ። ባለፈው ሐሙስም እሱኑ ነው ያለው፣ ከዛ በፊትም እሱኑ ነው ያለው፣ ሌላ አያውቅም፣ እንዲያውም እኛ እሱን መርከበኛው ነው የምንለው።»

ብሮንዊን ሳቀች። የሚያምር ሳቅ አልነበረም፤ በአፍንጫ የሚወጣ፣ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሊያጋድል የፈለገ ዓይነት ሳቅ ነው፣ ቢስኪት ራሱ ቀና ብሎ አያት። ከዛ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ታምሲን ማቀፍ ይሻል ይሆን ዝም ማለት ግራ ገባትና በመሃል ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረች።

ዞር ስትል እናቷ የራሳቸውን መጽሐፍ ይዛለች። ነገ ሊሄድ በር አጠገብ ተቀምጦ የነበረውን። ማውጫውን ገልጣ ታያለች። ሠላሳ ራይት፣ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ያንድ ሰው እጅ። አንዳንዱ ጠማማ ነው፣ ሃያ ሁለተኛው ላይ ሻይ ፈሶበታል፣ ሃያ አምስተኛው ጎን «ዊኒ ታማ» ተብሎ ተጽፏል። ከግዌንዳም ከፐርልም ከሜሪዲም በላይ የሄደ መጽሐፍ እዚህ ቤት ውስጥ ነበር፣ ማንም ደግሞ ልብ አላለውም።

«ስልኬን አቀብዪኝ» አለች።

ሜሪዲ ቶሎ አነሳች፣ ድምጿ ጎላ ስለሚል ሁሉም ተሰማ።

«ሜሪዲ፣ የኔ እመቤት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልውውጡን ትቼዋለሁ። ካርቶንሽን ሐሙስ አመጣልሻለሁ።»

«አይይ፣ ብሮን! እኔ እኮ የናንተን ቋምጬለት ነበር። ያቺ ትንሿ ልጅሽ ስለ ዝሆኖቹ ስታወራ እኮ አዳራሹ በሙሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማት። የኔው ልጅ መጽሐፍ ባወጣሁ ቁጥር ያለቅሳል» አለች ሜሪዲ።

ብሮንዊን ታምሲንን አየቻት። ታምሲን እሷን አየቻት።

«ስንጨርሰው እሰጥሻለሁ» አለች ብሮንዊን።

ስንጨርሰው! ታምሲን ይሄን ቃል ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም።

«እስከዛ እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች ሜሪዲ።

«እኔ እንጃ። አስረኛውን ሳምንት ግለጪዋ።»

ከሦስት ኪሎው ጨው አንድ ቁንጥር ለዶሮዋ በቃት። ዳሪል ሲገባ ቤቱ ጥብስ ጥብስ ይሸታል፤ ዶሮዋን አየ፣ ጨዉን አየ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ፈርዖንን ልንበላው ነው እንዴ?» አለ፣ እና ዊኒ ከወንበር እስክትወድቅ ሳቀች።

አርብ ባይሆንም ሥጋው እስኪበስል አነበቡ። ብሮንዊን ድምጿ ደክሟል፣ ሁለቴ መስመር ዘለለች። ዝሆኖቹ በገደሉ ተንሸራተዋል፣ ተርበዋል፣ ግን ተራራውን ተሻግረዋል፤ ከዛ ማዶ የጠበቃቸው ብርድ ግን ጨረሳቸው። ከሠላሳ ሰባቱ አንድ ብቻ ቀረ።

«አንድ?» አለች ዊኒ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«አንድ።»

«እሺ እሱስ ምን ሆነ?»

«የሚቀጥለው ሳምንት ላይ ነው የሚለው» አለች ብሮንዊን። ቀዩን እስክሪብቶ ለታምሲን አቀበለቻት፣ ታምሲንም ሠላሳ አንድ ጎን ራይት አደረገች፣ በጣም ቀስ ብላ።

እናቷ ያን ጊዜ ወደ ሜሪዲ ካርቶን አየት አደረገች። አንዴ ብቻ ነው፣ ግን ታምሲን አይታታለች። ሐሙስ ደሞ ትሄዳለች፣ ደሞ የሆነ ሰው ልጅ የሆነ ነገር ያነበንባል፣ ይሄ እኮ ባንድ ቀን የሚለቅ በሽታ አይደለም። ብሮንዊን ካርቶኑን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ስር አስገባችው፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ያበጡ እግሮቿን አንስታ ካርቶኑ ላይ ጫነቻቸው።

«እፎይ» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። «ለዚህ እንኳን ከፍታው ልክ ነው።»