ወይዘሮ አጸደ ወይን በተሸናፊ ጽናት ርስታቸውን ያስያዙበት ውርርድ

ልበ ብሩህና አእምሮ ምሉእ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ኃያላን በአንድ አደባባይ በተፋጠጡ ጊዜ ማን ድል እንደሚነሣ መገመት የብዙኃን ዕውቀት ነው፤ ገበያተኛውም፣ መንገደኛውም፣ ጩኸት ሰምቶ ከሩቅ የመጣውም የክንድ ውፍረትና የደረት ስፋት አይቶ ስም ይጠራል፣ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። ድሉ በምን መንገድ እንደሚመጣ አስቀድሞ መናገር ግን የጥቂቶች ጸጋ ነው፤ ይህን ለማወቅ የድል አድራጊውን ኃይልና ሥልጣን መመርመር አይበቃምና፣ የተሸናፊውን ጠባይና ባሕርይ፣ ትዕግሥቱንና የመውደቂያውን ምክንያት ጠንቅቆ መረዳት ያሻል። ይህ ጥበብ ምን ያህል ክቡር፣ ምን ያህልም አስፈሪ እንደሆነ ታይ ዘንድ የወይዘሮ አጸደ ወይንን ነገር እተርክልሃለሁ።

በቀድሞው የመኳንንት ዘመን፣ ከዓባይ ወዲህ ባለች አንዲት ግዛት፣ ደጃዝማች አስራደ የተባሉ ፍርድ አዋቂና ጨዋታ ወዳድ መስፍን ነበሩ። በአገራቸው መኸር ከገባ በኋላ ጡጫም ትግልም የተፈቀደበት ታላቅ ግጥሚያ በየዓመቱ ይደረግ ነበር፤ ድሉም ሦስት መንገድ ነበረው፤ ወይ ተፋላሚው ባላጋራውን በጡጫ ዘርሮ እንዳይነሣ ያደርገዋል፣ ወይ አንቆ ወይም ክንዱን ጠምዝዞ እጅ ያሰጠዋል፣ ወይም በሜዳው ዳር የቆመው የሾላ ዛፍ ጥላ ሜዳውን እስኪሻገር ሁለቱም ከጸኑ ነጋሪት ተጎስሞ ሦስት ሽማግሌዎች ብልጫውን ይፈርዳሉ። በዚያ አገር «እገሌ ያሸንፋል» ብሎ ብቻ መወራረድ የልጅ ጨዋታ ነው ተብሎ ይሳቅበት ነበር፤ የጨዋ ሰው ውርርድ አሸናፊውንና መንገዱን አንድ ላይ መጥራት ነው፣ አሸናፊውን አግኝቶ መንገዱን የሳተም ሁሉን እንደ ሳተ ይቆጠራል። ከዚህም የሚደንቅ ልማድ ነበራቸው፤ የሁለቱም ወገን ምስክሮች በሞት ያለቁበት የርስት ሙግት በዚሁ ውርርድ ይቆረጥ ነበር። ከሳሽ ቀድሞ ይጠራል፣ ተከሳሽ ከእርሱ የተለየ ይጠራል፣ ሁለቱም ከሳቱ ርስቱ ለደጃዝማቹ ይገባል። ይህ ፍርድ ነው ወይስ ቀልድ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ እሱን የመስፍኑ ሆድ ያውቀዋል።

ወይዘሮ አጸደ ወይን ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት የምንጭ ዳር ርስት በቀር መኖሪያም መቀበሪያም ያልነበራቸው፣ ነገር ግን አንገታቸውን ለማንም ያልደፉ ሴት ነበሩ። የባላቸው የአጎት ልጅ ግራዝማች ቢሻው ይህችኑ ርስት «ለእኔ ትገባለች» ብሎ ከሰሳቸው፤ ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሁሉ በፈንጣጣው ዓመት አልቀው ነበርና ሙግቱ ወደ ሜዳው ወረደ። በዚያ ዓመት የሚገጥሙት ጓንጉልና ልመንህ ነበሩ፤ ጓንጉል ጡጫው ያረፈበት ሁሉ የሚዘረር፣ ስሙ ሲጠራ ሜዳው የሚናወጥ ግዙፍ ጎበዝ፤ ልመንህ ደግሞ ረጅምና ቀጭን፣ ብዙ ጊዜ ተሸንፎ እንደገና የሚመጣ ዝምተኛ ሰው። ግራዝማች ቢሻው የከሳሽነት ቀዳሚ ቃሉን ማንም እንዳይነጥቀው የፈራ ይመስል ዘሎ ተነሣና፣ «ጓንጉል፣ በጡጫ! በቅሎዬንም ከነኮርቻዋ ጨምሬአለሁ!» ሲል ፎከረ።

ደጃዝማችም ወደ ሴትየዋ ዘወር ብለው «እርስዎስ ምን ይላሉ፣ እመቤቴ?» አሏቸው። ወይዘሮ አጸደ ወይን አስቀድመው ልመንህን ተመለከቱት። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ተፋላሚ ነበሩና፣ ከሜዳ ተደግፈው በገቡ ቁጥር ቁስላቸውን ያጠቡላቸው ወይዘሮዋ ነበሩ፤ ሰው እንዴት እንደሚሸነፍ የተማሩትም በዚያው ነው። አንዱ ንዴቱ ይጥለዋል፣ ሌላው ሰው አየኝ አላየኝ ሲል ይወድቃል። ልመንህን ግን ሲሸነፍ ባዩት ጊዜ ሁሉ ከጡጫው ጋር ሲያዘነብል፣ አንገቱን ሲሸሽግ፣ ቁጣም እፍረትም ሳይነካው እስከ ነጋሪቱ ሲቆም አይተውታል። ይህ ሰው ጓንጉልን ማሸነፍ እንደማይችል ዐወቁ፤ እንደማይወድቅም ዐወቁ። «ጌታዬ፣ ጓንጉል ያሸንፋል፤ በሽማግሌ ፍርድ ግን ነው» አሉ። አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ።

ግጥሚያውም ተጀመረ፤ ጓንጉል እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደበት። ልመንህ ተመታ፣ ተንገዳገደ፣ አፍንጫው ደማ፣ በአንድ ጉልበቱም ተንበረከከ፤ ግራዝማች ቢሻው ገና ከአሁኑ ምንጩን ወዴት እንደሚጠልፍ ለጎረቤቱ ያወራ ነበር። የወይዘሮ አጸደ ወይን ቤትና መቃብር በዚያ በተንበረከከ ጉልበት ላይ ነበር። ልመንህ ግን ተነሣ፣ ደግሞ ተመትቶ ደግሞ ተነሣ፣ የሾላው ጥላም ቀስ እያለ ሜዳውን ዋጠው። በመጨረሻ፣ የጓንጉል ክንዶች በዛሉ ጊዜ፣ ያ ቀጭን ሰው ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ ከሥሩ ገብቶ ግዙፉን አንሥቶ ዘረጋው፣ ክንዱንም ይዞ መጠምዘዝ ጀመረ።

እዚህ ላይ አስተውል፣ አንባቢ ሆይ፤ ጓንጉል እጅ ቢሰጥ ሁለቱም ተሟጋቾች ስተዋል፣ ርስቱም ወደ ደጃዝማቹ ይገባል። ይህን ከወይዘሮ አጸደ ወይን የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም እኒያ ጨዋና ትዕግሥተኛ ሴት ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ብድግ ብለው፣ «ጠምዝዘው፣ ልጄ! አትልቀቀው!» ብለው ጮኹ። ጓንጉል ጥርሱን ነክሶ ቻለ፤ ክንዱ ሊሰበር ጥቂት ሲቀረው ነጋሪቱ ተጎሰመ። ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ አብዛኛውን ጊዜ የበላይነቱ የጓንጉል ነበርና ድሉን ለእርሱ ሰጡ።

ግራዝማች ቢሻው ግን ቀረበና፣ «ጌታዬ፣ እኒህ ሴት በገዛ ቃላቸው ላይ ጮኸዋል፤ ለልመንህ ጮኸው በጓንጉል ድል ሊያሸንፉ አይገባምና ውርርዱ ይፍረስልኝ» ሲል አቤት አለ። ደጃዝማችም መልስ እንዲሰጡ አዘዟቸው። ወይዘሮ አጸደ ወይን ነጠላቸውን አንሥተው እንዲህ አሉ፦ «እውነቱን ነው፣ ጮኼአለሁ። ያስያዝኩት ግን ርስቴን ነው እንጂ ልቤን አይደለም። ያን ያህል ተደብድቦ ለተነሣ ሰው ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ርስቱስ ቢተርፈኝ በምን ፊቴ እኖርበት ነበር?»

ደጃዝማች አስራደ ከዙፋናቸው ተነሥተው፣ ቆመው ርስቱን ፈረዱላቸው። የድልን መንገድ አስቀድሞ ያየ ሰው ሀብቱን ያተርፋል፤ ሀብቱ ሊያመልጠው ሲል እያየ ለጀግና የጮኸ ግን ከሀብቱ በፊት ራሱን አትርፏል።