የመዶሻ ግማሽ ፀጉር

ሳህን ድምፅ ሳያሰማ የሚታጠብበት ቤት ሰላም የለውም። ይህን አሮጊቷ ፍራሽ ሰፊ ከማንም አልተማረችውም፤ ራሷ ስንት ዘመን እንደዚያ አጥባለች። ሟቹ ባሏ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ከሰማ ብድግ ይልና መጀመሪያ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋው ነበር። ብርድ እንዳይገባ የሚዘጋ ነበር የሚመስለው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግድግዳው ይናገር። ሲጨርስ ደግሞ፣ "አንቺው ነሽ እንድመታሽ ያደረግሽኝ" ብሎ እጁን ይታጠባል።

እንግዲህ አንድ እሑድ ልጇ ቤት ሄዳ፣ ምራቷ ሳህኖቹን በጨርቅ እየያዘች፣ የአራስ ልጅ ገላ እንደምታጥብ ቀስ እያለች ስታጥብ ብታያት ልቧ ስንጥቅ አለ።

"ጨርቁን ጣይና እጠቢ" አለቻት።

"እማዬ፣ ራሱን ያመዋል። ድምፅ አይችልም።"

"መትቶሻል?"

"ኧረ በፍጹም!" አለች ምራት። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እስካሁን" አለች።

አሮጊቷን እንቅልፍ የነሣቻት ይህቺ "እስካሁን" የምትባል ቃል ናት።

ልጇን ሰው ሁሉ የሚያውቀው መዶሻ በሚለው ስም ነው። ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ተከላካይ። ከማዕዘን የተሻማውን፣ ከሰማይ የወረደውን፣ ሁሉንም በግንባሩ ነበር የሚመልሰው። ከሰው ራስ ጋር ተጋጭቶ ስንት ጊዜ ተዘርሯል! የቡድኑ ወጌሻ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ይገባል፤ ውሃ ያፈስበትና፣ "ስንት ለስንት ነን?" ይለዋል። መዶሻ ዓይኑን ይገልጣል፤ ትንሽ ቆየት ይልና ውጤቱን ሳይሳሳት ይናገራል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ እሱም አቧራውን አራግፎ ይገባል። እናቱም በማግስቱ ጥጧን እየነደፈች ለመጣው ለሄደው፣ "የኔ ልጅ ራስ ድንጋይ ነው፤ የሚያመው ኳሱን ነው!" ትል ነበር። ወይ አፍ! አፍ እኮ አይታሰር።

መዶሻ ጫማውን ከሰቀለ ቆይቷል። ምራቷ ያቺን ቃል በተናገረች በሳምንቱ ግን ጉዱ ፈላ። ፀጉሩን ሊስተካከል ድመት የሚሉት ጓደኛው ዘንድ ሄደ። ድመት የቡድኑ በረኛ የነበረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከመዶሻ ጋር በአንድ ሳህን የበላ ሰው ነው፤ ጓንቱን አውልቆ ፀጉር ቤት ከፍቷል። ማሽኑ ጆሮው ሥር ሲንጫጫ፣ ድመትም እንደ ልማዱ ሲለፈልፍ፣ መዶሻ ከወንበሩ ተነሣና በአንድ ቡጢ መንጋጋውን ሰበረው። ግማሽ ራሱ ተስተካክሎ ግማሹ እንደጎፈረ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ፖሊስ ወሰደው።

ድመት ከሰሰ፤ መዶሻ በዋስ ወጣ። ጎረቤትም ሥራ አገኘ፤ "ምን ያድርግ፣ ያባቱን እጅ ነው የወረሰው" ይል ጀመር።

"የሰው ቤት ወሬ ከምትሰፉ የራሳችሁን ቀዳዳ ስፉ!" ብላ አሮጊቷ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ለብቻዋ ስትሆን ግን ማለች፦ ይህ በእርግጥ ያባቱ እጅ ከሆነ፣ ምራቴንና የልጅ ልጄን ይዤ ከዚያ ቤት አወጣለሁ። የወለድኩት ቢሆንም!

ሐኪም ዘንድ ራሷ ወሰደችው። ድመትንም ጎትታ አስከተለችው።

"እኔ ደግሞ ምን ላደርግ ነው የምመጣው፣ እማማ?" አለ ድመት። ጥርሱ በሽቦ ስለታሰረ ቃሉ እየተንፏቀቀ ነው የሚወጣው።

"የሰበረህ ሕመም ይሁን ጥጋብ በጆሮህ ትሰማለህ። የታሰረው አፍህ ነው።"

"ሾርባ በቱቦ እየመጠጥኩ እኮ ነው!"

"ዕድሜህን ሙሉ ስትለፈልፍ ኖርክ፤ ትንሽ እረፍ" አለችውና ፊቷን አዞረች። ያበጠ ጉንጩን ማየት አልሆነላትም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። መዶሻን ፊት ለፊቷ፣ እናቱን ከጎኑ አስቀመጠች። ድመት ወንበር አጥቶ ከሐኪሟ ጀርባ፣ በሩ አጠገብ ቆመ።

"ሁለት ቁጥር እነግርሃለሁ፤ ያዝልኝ፣ ኋላ እጠይቅሃለሁ" አለች። "አራት፣ ሁለት።" ከዚያ በአንድ እግሩ አቆመችው፤ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ራስ ምታቱ ጠየቀችው። ቆየት ብላ፣ "ቁጥሮቹስ?" አለችው።

 የመዶሻ ዓይን በሐኪሟ ትከሻ ላይ አልፎ ሄደ። እናቱ ነገሩ ግር ቢላት ዓይኑን ተከትላ አየች። ድመት እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ አራት ጣት አውጥቷል። ቀጥሎ ሁለት።

"አራት፣ ሁለት" አለ መዶሻ።

"ጎበዝ!" አለች ሐኪሟ።

አሮጊቷ ተነሥታ የድመትን እጅ ጧ አደረገችው። "አንተ! ምን እያደረግህ ነው?"

ድመት የገዛ ጣቶቹን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አያቸው። "ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እማማ። ያኔ ወጌሻው ሲጠይቀው ከኋላ ቆሜ... እንዳያስወጡት ብዬ..."

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ የድንጋይ ራስ ጉራ፣ የድመት ጣት ኖሯል! አሮጊቷ ወንበሩን ደገፍ አለች። ከዚያ እንደገና ያችው አሮጊት ሆነች።

"ያንን 'ጎበዝ' ሰርዢው፣ ልጄ። አንተ ድመት፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ! አንተም" አለችው ልጇን፣ "ካላወቅህ አላውቅም በል። የሚያስወጣህ የለም። ጨዋታው አልቋል።"

ሐኪሟ ሌላ ቁጥር ሰጠችው፤ ሌላ ሌላውን አውርታ ጠየቀችው። መዶሻ ግንባሩን ላብ ችፍ አለው። የድመትን ጀርባ አየ፤ ጣት የለም።

"አላውቅም" አለ። "ጠፋብኝ። ስንቱ ነው የሚጠፋብኝ! የልጄ ስም እንኳ አንዳንዴ..." ያን የሚያክል ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የጭንቅላቱን የምርመራ ፎቶ ተነሥቶ ሲመለሱ ሐኪሟ ነገሩን አስረዳቻቸው፦ ራስ ደጋግሞ ሲመታ አንጎል ይጎዳል፤ ቁጣን የሚይዘው ልጓም ይላላል። "ሁሉም ከዚያ ብቻ ነው የመጣው ብዬ አልምልም። ግን ብዙው ከዚያ ነው። የሚረዳውም ነገር አለ።"

"እንግዲያው ጥፋቱ የኳስ ነው በይኛ!" አለች አሮጊቷ። ደስ ሊላት ነበር፤ ግን ሰበብ ያገኘ ወንድ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

"ሕመሙን እሱ አላመጣውም፣ እማማ። ከእንግዲህ መጠንቀቁ ግን የእሱ ነው።"

"የኔም ጣት አለበት" አለ ድመት ከግድግዳው።

"አንተ ደግሞ! ተበዳዩም አንተ፣ በዳዩም አንተ! አንተስ ልጅ ነበርክ። ወጌሻው ዓይኑን የት ጥሎት ነበር? አሠልጣኙስ?"

"ተዉ" አለ መዶሻ። ቀና ብሎ ድመትን አየው። "መንጋጋህን የመታው ኳስ አይደለም። የኔ እጅ ነው።"

አባቱ መቃብር እስኪወርድ ካፉ ያልወጣች ቃል ናት። አሮጊቷ ከደረቷ ላይ አንድ ከረጢት ጥጥ የወረደላት መሰላት።

ድመት ወዲያው ክሱን ላንሣ አለ።

"በነፃ እንዳታነሣ!" ብላ ጮኸችበት። ውሉን እሷ አሰረችው፦ መድኃኒቱን ይውጣል፤ ከሐኪሟ አይቀርም፤ ሐኪሟ በቃ እስክትል የሚያድረው እናቱ ቤት ነው፤ ንዴቱ ሲመጣ ከእጁ እግሩ ይቅደም፣ ወደ ውጭ። መዶሻ ሁሉንም እሺ አለ።

መዶሻ ራሱን ሌላ ሰው አላስነካም ብሎ ግማሹን እንደጎፈረ ነበር፤ የድመት ሽቦ የተፈታ ዕለት ከእሱ መልእክት መጣ፦ "ያንን ራስ አምጡልኝ! አንዱ ወገን ጫካ፣ አንዱ ወገን ሣር ሆኖ ስሜን አጠፋው።" መዶሻ፣ እናቱና ሚስቱ ተያይዘው ሄዱ። ድመት ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ በመቀስ ብቻ ጀመረ። አፉ ስለተፈታ የወራቱን ወሬ በአንድ ቀን ሊጨርስ ተነሣ። መሐል ላይ ክርኑ የብረቱን ሳህን ነካና ማበጠሪያው፣ ምላጩ፣ ሁሉም ወለሉ ላይ ተንጫጫ።

የመዶሻ የአንገት ሥር ተገተረ። ቡጢው ተጨበጠ። ብድግ አለ።

ድመት መንጋጋውን ያዘ። ምራቷ የአሮጊቷን እጅ ጨበጠች። መዶሻ ወደ በሩ ሄደ፤ እጁ እጀታው ላይ ዐረፈ። ፍራሽ ሰፊዋ ትንፋሿን ዋጠች። አባቱም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በሩ ነበር።

መዶሻ በሩን ከፈተው። ወለል አድርጎ። ወጥቶም ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል። አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ይስቃል፤ እሱ ምን ገዶት!

አሮጊቷ ተነፈሰች። ስንት ዓመት ይዛው የኖረችውን ትንፋሽ።

"ኧረ ግባ!" አለችው ኋላ። "ግማሽ ራስ ተሸክመህ ሰው አታስቅብን!"

ገባ፤ ተቀመጠ። ድመት ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከተተና፣ "ስንት ለስንት ነን?" አለው።

"እኔ ምን አውቄ!" አለ መዶሻ። "ይልቅ ቁረጥ።"

መጀመሪያ የሳቀችው ምራቷ ናት። ጮክ ብላ፣ ድምጿን ሳትቀንስ።