የቄሱ እርማት

«አላነብም!»

ቄሱ ወረቀቱን በጳጳሱ ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት። ወረቀቱ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከሁለቱ አንዳቸውም ሊያነሡት አልጎነበሱም።

«ድምፅህን ቀንስ» አሉ ጳጳሱ። «ውጭ ሰው አለ።»

«ይስማ! አራት አሮጊቶች ተቆልፎባቸው ሞተው፣ በሩ ክፍት ነበር ብዬ ልዋሽ?»

«ክፍት ነበር በል ያለህ የለም። ‹ሳይጣራ ተናገርኩ› በል ነው የተባልከው። ምርመራው ገና አላለቀም። አንተ ግን ፈርደህ ጨርሰሃል።»

«የእሳት አደጋ ሠራተኛው ጓጉንቸሩን በመጋዝ መቁረጡን በራሱ አፍ ነግሮኛል! ከዚህ ወዲያ ምን ይጣራል?»

ጳጳሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ሁለቱ የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን የተማሩት በአንድ ዘመን ነው፤ አንድ ክፍል ተጋርተው፣ አንድ ካፖርት በተራ እየለበሱ። ከዚያ አንደኛው ጳጳስ ሆኑ። ሌላኛው የአንዲት ትንሽ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ እንደሆኑ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላቸው። ቄሱ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበሩ፤ እንደኔ ላለው ይኸም ይበቃል ይሉ ነበር። ይሁንና በከተማው የጳጳሱን ስም የማያውቅ ሰው ሁሉ የቄሱን ድምፅ ያውቃል። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ በሬዲዮ እንዲናገሩ የተመደቡት አንድ አዛውንት ቄስ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ቀሩና እሳቸው ተተኩ። «አምስት ደቂቃ አንብብና ውጣ» ነበር የተባሉት። በሳምንቱ ከአድማጭ የመጣ ደብዳቤ አንድ ካርቶን ሞላ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓቱ ዜና በፊት፣ «የአመሻሽ ቃል» የእሳቸው ሆነ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ሲሉ ሾፌሩ ዞር ብሎ ያያቸዋል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቤተ ክርስቲያኗ በምታስተዳድረው የአረጋውያን መኖሪያ እሳት ተነሣ። አራት ሴቶች በጎን በር ሥር ተደራርበው ተገኙ። ባለፈው ሐሙስ ቄሱ ስለ ትዕግሥት ያዘጋጁትን ጽሑፍ ወደ ጎን ትተው፣ «በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። የቆለፉትም ያውቃሉ፤ አይተው ዝም ያሉትም ያውቃሉ። እነሱ ይጠየቁ!» ብለው በሬዲዮ ጮኹ። ንግግሩ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛመት ሰነበተ።

«ዛሬ እርማቱን ካላነበብክ» አሉ ጳጳሱ ቀስ ብለው፣ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ሰው ይገባል። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ደውሎልኛል። እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«አንተ መቼም አንተ ሆነህ አታውቅም» አሉ ቄሱ። ወረቀቱን ከወለሉ አንሥተው ጨምድደው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ።

ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሟቾቹ የአንዷ ልጅ። የእናቷን መነጽርና ቀለበት ስጡኝ ብላ ስትመላለስ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቄሱን ስታይ ብድግ አለች።

«አባቴ፣ ሁሉንም ሰማሁ» አለች። «እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ እናታችሁ ተኝታ ሳለ በጭስ ታፈነች ብለው አሳምነውን ነበር። እርስዎ ብቻ ነዎት ያዘኑልን። ዛሬም ይናገሩልኝ።»

«እናገራለሁ ልጄ። ቢያባርሩኝም እናገራለሁ።»

ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበታቸው እንደ ወጣት ጉልበት ቀለላቸው። ንዴቱ ውስጥ የሆነ ደስታ ነበረበት።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ባላቸውን «በሬዲዮ ማር፣ እቤት እሬት» እያሉ ለጎረቤት ያሟቸዋል። ቄሱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተመላለሱ ይጮኹ ጀመር።

«ፈሪ! ጳጳስ ሳይሆንም ፈሪ ነበር፣ ዛሬም ፈሪ ነው። የአረጋውያኑ ቤት አስተዳዳሪ ቆለፈች፣ የሱ ጽሕፈት ቤት አይቶ ዝም አለ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልታረም! ሁሉም ያውቁ ነበር እኮ! ሁሉም!»

«አዎ፣ ሁሉም» አሉ ባለቤታቸው።

አነጋገራቸው ውስጥ የሆነ ነገር ቄሱን አቆማቸው። «ምን ማለትሽ ነው?»

ባለቤታቸው የካውያውን ሶኬት ነቀሉ። «ዝናቡ የጀመረ ሰሞን ነው። እንደ ወትሮህ ረቡዕ አሮጊቶቹን ጠይቀህ መጣህ። የራሰ ካፖርትህን እዚያ ወንበር ላይ ጣል አድርገህ ምን አልከኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«‹አሮጊቶቹን እንደ ዶሮ ቆለፉባቸው፤ ከእንግዲህ ቁርባንም በቀዳዳ ነው የማቀብለው› ብለህ አሳቅኸኝ።» የተተኮሰውን ሸሚዝ አጣጠፉ። «እኔም ሳቅሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ሳወጣና ሳስገባ የኖርኩት ሴትዮ፣ እሳት ቢነሣስ ሳልል ሳቅሁ። ከተቃጠሉ ወዲህ እህል አልዋጥልኝ ብሏል።»

ቄሱ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ጓጉንቸሩ ትዝ አላቸው። አዲስ ነበር፤ ዘይቱ ገና አልደረቀም ነበርና ጣታቸውን በመሐረብ ጠርገዋል። አስተዳዳሪዋ ከኋላቸው ቆማ፣ «አንዷ እየወጣች መንገድ እየጠፋባት አስቸገረችን፣ አባ» አለቻቸው። እሳቸውም መለሱላት። የመለሱላትን ለባለቤታቸው ያን ዕለት አልነገሯቸውም፤ አሁንም አልነገሯቸውም።

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» ብለው ጮኹ። «ሳምንቱን ሙሉ እያየሽኝ! ሰዉ እያጨበጨበልኝ!»

«የረሳኸው አልመሰለኝም ነበር» አሉ ባለቤታቸው። «ሆን ብለህ የተውከው ነበር የመሰለኝ።»

ቄሱ ምሳ ሳይበሉ ወጡ። ሲዞሩ ውለው ወደ ሬዲዮ ጣቢያው በእግራቸው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ የሚሰድቡት ሰው ፈለጉ። ጳጳሱን ጀመሩ፣ አልጣማቸውም። አስተዳዳሪዋን ጀመሩ፣ እሷም አልሆነችላቸውም። የጫማ መሸጫው መስታወት ውስጥ አንድ ነጭ ኮሌታ ያደረገ ሽማግሌ አፉን እያንቀሳቀሰ ሲሄድ አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

ስቱዲዮው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ የድምፅ ቴክኒሻኑ ተቀምጧል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ሲያስነጥሳቸው ሳይቀር ቀድሞ ያውቃል። ዛሬ ግን ዓይናቸውን ማየት አልፈለገም።

«አባ፣ ሥራ አስኪያጁ ከወረቀቱ ከወጡ ድምፁን ቁረጥና ሙዚቃ ልቀቅ ብሎኛል» አለ በማዳመጫው። «ሦስት ልጅ አለኝ። አይቀየሙኝ።»

«ሥራህን ሥራ» አሉ ቄሱ። ከኪሳቸው ያወጡት ወረቀት ተጨማድዶ ነበር፤ በመዳፋቸው ዘረጉት። «አርዕስቱ ‹እርማት› ይላል አይደል? ከእርማት አልወጣም።»

ቀይዋ መብራት በራች።

«እንደምን አመሻችሁ» አሉ ቄሱ። ያ ለስላሳ ድምፃቸው አልመጣላቸውም፤ ሻካራ ሆኖ ወጣ። «ባለፈው ሐሙስ የተናገርኩት እርማት ያስፈልገዋል። ስለ አረጋውያኑ ቤት ስናገር፣ አይተው ዝም ያሉ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ይጠየቁ ብዬ ነበር። ‹እነሱ› ማለቴ ስህተት ነው።»

ቴክኒሻኑ ጣቱን ማዞሪያው ላይ አድርጎ ቀና አለ።

«በሩ ተቆልፎ ነበር። ያንን አላርመውም። የማርመው ራሴን ነው። ጓጉንቸሩን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። አስተዳዳሪዋ ለምን እንደ ተቆለፈ ስትነግረኝ፣ ‹ደግ አደረግሽ› አልኳት። ያልኳት ይኸንን ነው፤ ‹ደግ አደረግሽ›። ከዚያም ቤቴ ገብቼ ቀለድኩበት። በየረቡዑ በዚያ በር አጠገብ ስመላለስ ከርሜ አንድም ቀን ክፈቱት አላልኩም። ሰዎቹ ሲሞቱ ደግሞ እናንተ ፊት ቆሜ በሌላ ሰው ላይ ጮኽኩ። እናንተም አመሰገናችሁኝ። እኔ…»

የመስታወቱ ማዶ ጣት ተንቀሳቀሰ። ማዳመጫው ውስጥ የፒያኖ ሙዚቃ ገባ። አምስቱ ደቂቃ ሊሞላ ገና ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ቴክኒሻኑ በሩን ከፍቶ ገባ። «ቁረጥ ተብዬ ቆርጫለሁ» አለ። «መቼ እንደምቆርጥ ግን የነገረኝ የለም።»

ቄሱ እጁን ሊጨብጡት ፈለጉ፤ እሱ ግን የማዳመጫውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ እየነዘረ ነበር። ጳጳሱ ናቸው። አላነሡትም።

የጣቢያው ግቢ በር ላይ ልብስ ሰፊዋ ቆማለች። ልታመሰግናቸው ነበር የመጣችው። በዘበኛው ጎጆ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ሁሉንም አሰምቷታል። ቄሱ ሲቀርቧት ዘበኛው ወደ ውስጥ ገባ።

«ታውቅ ነበር?» አለች።

ጠዋት «እርስዎ» ስትላቸው የነበረችው ሴት ናት። ቄሱ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«ተናገር! በሬዲዮ እንደምትናገረው ተናገር! ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እናቴ እጅህን ስማሃለች! ረቡዕ በመጣ ቁጥር ‹ዛሬ ቄሱ ይመጣሉ› ብላ ፀጉሬን አበጥሩልኝ ትል ነበር።» እንባ አልነበራትም፤ ዓይኗ ደርቆ ቀልቷል። «ያን በር እየገፋች ስትሞት አንተን ሳትጠራ የቀረች ይመስልሃል?»

«ልጄ…»

«ልጄ አትበለኝ!»

ቄሱ ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው።

«ይቅርታህን እኔ የት አደርገዋለሁ? ጠዋት ጳጳሱ ጋ ጮኽክ፣ አሁን እዚህ ውስጥ ተናገርክ። ነገ ደግሞ ሰው ‹እንዴት ያለ ትሑት ነው› ብሎ ያመሰግንሃል። እኔ እሱን አልፈልግም። የሚጻፍበት ቦታ ሄደህ ተናገር። ተፈርሞበት የሚቀመጥበት ቦታ።»

ነጠላ ጫማዋ አስፋልቱን እየመታ ሄደች። አንድም ጊዜ ዞር አላለችም።

ቄሱ ስልካቸውን አውጥተው ለባለቤታቸው ደወሉ።

«ሰማሁህ» አሉ ባለቤታቸው ገና ሳይጠየቁ። «‹ደግ አደረግሽ› ማለትህን ግን አልነገርከኝም ነበር።»

«አልነገርኩሽም።»

የድስት ክዳን ሲከደን በስልኩ ተሰማ። «ራት አቆይልህ?»

«አታቆዪ። ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ ነው።»

ፖሊስ ጣቢያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። የእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ቦርሳ የተሰረቀባቸው፣ በመኪና የተጋጩ፣ ልጅ የጠፋባቸው ሰዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ቄሱ ከጀርባ ቆመው ተራቸው እስኪደርስ ጠበቁ። ቃል የሚቀበለው ፖሊስ ጎልማሳ ነው፤ ሁለት ቃል እንደ ተናገሩ ፊቱ በራ።

«የሬዲዮው ቄስ! እናቴ እኮ እርስዎን ሳትሰማ ራት አትበላም። ምነው እዚህ ቆሙ? ይግቡ፣ አለቃችን ቢሮ ይቀመጡ፤ እዚያው ይጻፍልዎታል።»

«እዚሁ ይሻለኛል» አሉ ቄሱ። «ስለ አረጋውያኑ ቤት እሳት ነው የመጣሁት።»

«እሺ፣ እሺ።» ፖሊሱ ቅጽ ሳበና መጻፍ ጀመረ። «ስም… ሥራ፣ ቄስ… የቀረቡበት ሁኔታ…» ሳይጠይቃቸው፣ እንደ ለመደው፣ «ምስክር» ብሎ ሞላው። «እንግዲህ ይቀመጡና ያዩትን ይንገሩኝ።»

ቄሱ አልተቀመጡም። ጣታቸውን ቅጹ ላይ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀው ቃል አጠገብ አስቀመጡ።

«ይኼን ሰርዘው» አሉ። «ምስክር ልሁን ተጠያቂ፣ እሱን መርማሪው ይወስን።»

ፖሊሱ ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አያቸው። እስኪሰርዘው ድረስ ቆመው ጠበቁ።