የስድስተኛው ፎቅ በር

ከጠዋት ጀምሮ የሞይራ እግር አላርፍ ብሏል። ከወጥ ቤት ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር። ያፈላችው ሻይ ሳትቀምሰው ቀዘቀዘ፤ ደግማ አፈላች፣ እሱም ቀዘቀዘ። በአራት ሰዓት የማዘጋጃ ቤቱ የእሳት ተቆጣጣሪ መጥታ የፎቁን በሮች አንድ በአንድ ልታይ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን አስጨነቀው? ሞይራ ግን የሕንፃው ተከራዮች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየስብሰባው እየተነሳች፣ «ሰው ተቃጥሎ ካላያችሁ አታምኑም ወይ!» እያለች፣ የድሮውን ብስባሽ የእንጨት በር አስነቅላ እሳት ግማሽ ሰዓት የሚገትር በር ያስገጠመች እሷ ናት። በሩ አናቱ ላይ የብረት ክንድ አለው፤ ሲለቁት ክንዱ ይስበውና በራሱ ጥርቅም ይላል። አንድ ቤት ቢቃጠል ጭሱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል እንጂ ኮሪደሩን አይሞላም።

ታዲያ የዊኒን በር ክንድ የፈታችው ማን ናት? እሷው! ኅዳር ላይ፣ በገዛ እጇ፣ በሟች ባሏ መፍቻ።

ዊኒ ፊት ለፊት የምትኖር የሰባ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ተጎራብተዋል። ቁርጥማት ጣቶቿን አጣሞባታል፣ አዲሱ በር ደግሞ እንደ በሬ ነው የሚገፋው። አንድ ቀን ሞይራ ከገበያ ስትመለስ ዊኒን ወተቷን መሬት አስቀምጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ አገኘቻት። ቁልፉን አዙራዋለች፤ በሩን መግፋት ግን አቅቷት አርባ ደቂቃ ቆማለች። ከውስጥ ስቦ መክፈቱማ ጭራሽ አይሞከርም። ሞይራ ወዲያው መፍቻ አምጥታ ክንዱን ፈታችውና «ይኼ በእኔና በአንቺ ይቅር» አለች።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ሰውዬ የድንች መጥበሻ ተያያዘ። በሩ ተዘግቶ ስለነበር ከአንድ ወጥ ቤት በቀር የተነካ የለም። ሰዉ ሁሉ «በርሽ አዳነን» እያለ ሞይራን አቀፋት። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ የተጠበሰ ዳቦ በሸተታት ቁጥር ወጥታ የዊኒን በር ታነፈንፋለች። የዊኒ ቤት ቢነድ የፎቁ ሰው ሁሉ፣ የጎረቤታቸው የናይጅል መንታ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በጭስ ያልቃሉ። ክንዱን ብትመልሰው ደግሞ ዊኒ መውጫ የላትም። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል!

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አላስችል አላትና መፍቻዋን ይዛ ተሻገረች።

«ዊኒ፣ ለዛሬ ብቻ ልግጠመው። ሴትዮዋ ስትሄድ መልሼ እፈታዋለሁ።»

«ታዲያ የምትገጥሚው ለእሳቱ ነው ወይስ ለሴትዮዋ?» አለች ዊኒ።

ሞይራ ወንበር ላይ ወጥታ ብሎኗን ልታስገባ ስትል ከጣቷ አመለጠቻትና ተንከባለለች። ጎንበስ ብላ ስትፈልግ አሳንሰሩ ተከፈተ። ተቆጣጣሪዋ፣ ሚስ ቤይንስ፣ ቀድማ መጥታለች። ናይጅልም ወሬ አያምልጠኝ ብሎ ከኋላዋ ተከትሏል።

ሚስ ቤይንስ የዊኒን በር ገፋ አድርጋ ለቀቀችው። በሩ እንደተከፈተ ቀረ።

«ይኼን ማን ፈታው?»

«እኔ» አለች ዊኒ ፈጠን ብላ።

ናይጅል በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ? የማርማላታ ክዳን እንኳ እኔ አይደለሁ እንዴ የምከፍትልሽ!»

ሚስ ቤይንስ አልሳቀችም። «እማማ፣ ይኼ ቀልድ አይደለም። የኪራይ ውል መጣስ ነው። ደብዳቤ ይደርስዎታል፤ ነገሩ ቤቱን እስከ መልቀቅ ሊያደርስ ይችላል።»

ሞይራ ዝም ልትል አሰበች። ከዚያ የዊኒን ፊት አየችና ደሟ ፈላ፤ በራሷ ላይ ነው የፈላው።

«ውሸቷን ነው። የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«እመት ሊቀመንበር!» ናይጅል አጨበጨበ። «የልጆቼን ጋሪ መውጫ ይዘጋል ብለሽ ከኮሪደር ያስነሳሽው ሴትዮ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ!»

«ስደበኝ፣ ይገባኛል። እዚሁ ልጆችህ አጠገብ ነው ያደረግሁት።»

ይኼን ሲሰማ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ወደ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ።

ሞይራ የአርባ ደቂቃውን ነገር ስትተርክ ሚስ ቤይንስ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ በረጅሙ ተነፈሰች።

«በኤሌክትሪክ የሚሠራ እኮ አለ። ማብሪያ መሳይ ነገር ሲጫኑ በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል። መብራት ቢጠፋም ባትሪ አለው። እንደ እማማ ላሉት በነፃ ነው የምንገጥመው። አስቸኳይ ብዬ አስተላልፈዋለሁ፤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። እስከዚያ ክንዱ ይመለስ፤ እማማም ብቻቸውን እንዳያድሩ።» መዝገቧን አጠፈች። «መጠየቅ ብቻ ነበር።»

መጠየቅ ብቻ! ለመቶ ሃያ አባወራ ዘጠኝ ዓመት የጠየቀች ሴት ጥፊ የቀመሰች ያህል ደነገጠች።

ብሎኗ ተገኘች፤ ክንዱ ተገጠመ፤ ሚስ ቤይንስ ሄደች። በሩ ሁለቱን ሴቶች ውስጥ አስቀርቶ ጥርቅም አለ።

«እዚህ ሶፋ ላይ እተኛለሁ» አለች ሞይራ። «ሁለት ሳምንት ነው።»

«ታንኮራፊያለሽ።»

«ዊኒ፣ መጠየቅ እንደሚቻል ባውቅ ኖሮ እኮ...»

«ኅዳር ላይ ነግሬሽ ነበር» አለች ዊኒ በቀስታ። «ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቂልኝ፣ መላ አያጡም ብዬሽ ነበር። አንቺ ግን ዘጠኝ ዓመት ለምኜ ያስገጠምኩትን በር ዛሬ ከበደን ብል ይሳቅብኛል አልሽኝ።»

ሞይራ ትዝ አላት። ልክ እንደዚያ ነበር ያለችው፣ ቃል በቃል። እፍረት ፊቷን አቃጠላት።

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ ብለሽ ተሸከምሽልኝ? ከቤትሽ ሊያስወጡሽ ነበር እኮ!»

ዊኒ ዓይኗን ከበሩ አላነሳችም።

«ብታኮርፊኝ በሩን ማን ይከፍትልኛል?»

ሞይራ፣ ዊኒ ለወዳጅነት ብላ የተሸከመችላት መስሏት ነበር። ለካ ፍርሃት ኖሯል።