የጋሽ ሦስቴ ውሻ

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። አነጋግሬዋለሁ፤ ያለቀ ነገር ነው» አሉ አጎቷ፣ ከቴርሞሱ የቀዱትን ቡና ሳይቀምሱ እያማሰሉ። «የማዘጋጃ ቤት ሰው ነው። ይወስዳታል፣ አንድ መርፌ ይወጋታል፣ ተገላገልን።»

ልጅቷ ወደ ጓሮው ዞር ብላ አየች። አባቷ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከጎረቤት የተሰበሰቡ ወንበሮች ከሳሎን አልፈው እስከ ግቢው ተደርድረዋል፤ ለለቅሶ የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን ከመቀመጡ በፊት ጓሮ ያለችውን ዕቃ ቤት በዓይኑ ይፈልጋል። ጌጤ ተዘግቶባት ያለችው እዚያ ነው። ጌጤ ውሻ ናት፤ ሮትዋይለር የሚባለው ዘር፣ ጥቁር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጭንቅላቷ የጥጃ የሚያህል። ስሟን ሰምቶ የመጣ ሰው መልኳን ሲያይ ይደነግጣል።

«አንዴም አልጮኸችም እኮ» አለች ልጅቷ።

«እሱ አይደል የሚያስፈራው!» አለች ከጎን ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ብትጮህ ደግ ነበር። ዝም ብላ ነው የምታይሽ። ምን እንደምታስብ በምን ይታወቃል?»

«ትናንት የሥጋ ዘመዶቻችን እንኳ 'ተዘግቶባታል ወይ?' ብለው ጠይቀው ነው የገቡት» አሉ አጎቷ። «ወንድሜን ነፍሱን ይማረው፣ ግን ይቺን ነገር ቤቱ ያስገባ ዕለት ጤነኛ አልነበረም።»

ሟቹ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። በየሰዉ ግቢ በር ቆመው በባትሪያቸው ቂጥ ብረቱን ሦስት ጊዜ ይመቱና «ቆጣሪ! ውሻ እሰሩ!» ይላሉ። ሁለት አይደለም፣ አራት አይደለም፤ ሦስት። ከዚህ የተነሳ ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ጋሽ ሦስቴ» ይላቸው ነበር። ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸው ሞተው፣ ውስጥ የሚሰማቸው ሰው ሳይኖር እንኳ፣ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው የገዛ በራቸውን ሦስቴ ሳይመቱ አይከፍቱም። ልጅቷ ከመንገዱ ማዶ አይታ ስትስቅባቸው «ሳያስጠነቅቅ የሚገባ ሌባ ነው» ይሏት ነበር።

በዚያ ሁሉ ዘመን የተነከሱት ሁለቴ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ባታቸውን ያሳያሉ። «ይቺኛዋ ትራስ ላይ የምትተኛ፣ ፀጉሯ በሪባን የታሰረ፣ ከጫማዬ የማትበልጥ ነበረች። እመቤቲቱ 'አትናከስም፣ ይግቡ' እያሉኝ እሷ ባቴ ላይ ነበረች!» ብለው መጀመሪያ የሚስቁት ራሳቸው ናቸው።

የሚኮሩት ግን በጠባሳው አልነበረም። ቆጣሪ አንባቢ ውሻ ፈርቶ መግባት ካቃተው፣ በደብተሩ ላይ «ግምት» ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ ባለፈው ወር ይህን ያህል ከነበረ በዚህም ወር ያው ይሆናል እንደማለት ነው። ጋሽ ሦስቴ ግምት ጽፈው አያውቁም። በር ላይ ጎናቸውን ሰጥተው፣ የውሻውን ዓይን ሳያዩ፣ እጃቸውን አውርደው ይቆማሉ። ግማሽ ሰዓትም ቢፈጅ ይቆማሉ።

ጌጤን ያገኟትም በዚሁ ነው። ጡረታ ሊወጡ ዓመት ሲቀራቸው የአንድ የታመመ ባልደረባቸውን ሰፈር ተረክበው ሲሄዱ፣ ስምንት ወር ሙሉ «አደገኛ ውሻ፣ ግምት» ተብሎ የታለፈ ቤት ደረሱ። በሩን ሦስቴ መቱ፤ ከፋች ጠፋ። ገፋ ሲያደርጉት ባለቤቶቹ ለቀው ሄደዋል፤ ውሻዋ ከቆጣሪው ቧንቧ ጋር በሰንሰለት ታስራ ቀርታለች፤ ሰንሰለቱ ከማጠሩ የተነሳ አንገቷን መሬት ላይ ማሳረፍ አትችልም። የጎረቤት ሴት በአጥር ላይ የምትወረውርላትን ፍርፋሪ እየበላች ነው የቆየችው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሁለት ሰዓት ጠበቋት። ከዚያ መጀመሪያ ቆጣሪውን አነበቡ፤ ቀጥለው ሰንሰለቱን ፈቱ። ባለቤቶቹ በስልክ ሲገኙ «ከፈለጉ ይውሰዷት» አሉ።

ልጅቷ ይህን ሁሉ የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነው። የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ውሻ የነከሰው ሰው ደሙን እያንጠባጠበ ሲገባ አይታለች። ስለዚህ ጌጤ ከመጣች ወዲህ ያባቷን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ የምታገኛቸው ከመንገዱ ማዶ ባለው ሻይ ቤት ነው።

«አባዬ፣ ያቺን አውሬ አስወጣና ቤትህ ልግባ» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ገብተሽ አይተሻታል?»

«ምኗን አያለሁ? ዘሯ የታወቀ ነው።»

«እንግዲያው የጻፍሽው ግምት ነው» አሏትና ሻያቸውን ፉት አሉ። አልተቆጧትም። ምነው ተቆጥተዋት በነበረ! አሁን አባቷ የሉም፤ ልባቸው በተኙበት ቀጥ ብላ ቀርታለች፤ እሷም ቤታቸው የገባችው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የዕቃ ቤቱን በር በስንጥቅ ከፍታ ሳህኑን በመጥረጊያ እንጨት እየገፋች አስገባችላት። ጌጤ ሳህኑንም እንጨቱንም አየችና ፊቷን አዞረች። በማግስቱም እንደዚያው። ልጅቷ በዚያ እንጨት አፈረች። ግቢውን ስታጸዳ ከአጥሩ ጥግ የተነጠፈ አሮጌ ምንጣፍ አግኝታ፣ ለምን እንደተነጠፈ ሳይገባት ጠቅልላ አንስታው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጣ፤ ጫፉ ላይ የሽቦ ማነቂያ ያለው ረጅም ዘንግ ይዟል። ግቢው ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ተቀምጧል።

«ሰዉ ገለል ይበል፣ እስከዚያ በሩ እንዳይከፈት» አለ ሰውየው።

አጎቷ ግን ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ቸኩለዋል። «እኔ ልርዳህ» ብለው መቀርቀሪያውን ሳብ ከማድረጋቸው ጌጤ በጎናቸው ሾልካ ግቢው መሃል ቆመች።

ወንበር ተገለባበጠ። ልብስ ሰፊዋ ሲኒዋን ይዛ ወንበር ላይ ወጣች፤ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰችም። ልጅቷ መሃል ላይ ደርቃ ቀረች። ጌጤ አንድ በአንድ የሰዉን ጫማ አሸተተች፤ የምትፈልገውን ጫማ አላገኘችም። ሰውየው ዘንጉን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደፊት አለ።

ያኔ የውጭው በር ተመታ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ቆጣሪ!»

ጌጤ ራሷን ቀና አደረገች። ከዚያ ማንንም ሳትነካ በሰዉ መሃል አልፋ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች። ምንጣፉ አልነበረም፤ ሲሚንቶው ላይ ተኛች። አገጯን በፊት እግሮቿ መካከል አድርጋ ዓይኗን በሩ ላይ ተከለች።

በሩ ተከፈተና ስድስት ቆጣሪ አንባቢዎች የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ገቡ። ከፊት ያሉት ሽበታም ሰው ባትሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የተገለባበጠውን ወንበር፣ ሲኒ ይዛ ወንበር ላይ የወጣችውን ሴትና ዘንጉን አዩና ነገሩ ገባቸው።

«ጌጤ፣ አለሽ?» አሏት፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ሳንመታ መግባቱ እሳቸውን መድፈር መስሎን ነው። ደግሞስ እሷን ማን ያስተኛት? በሩ ሦስቴ ሲመታ ጥጓን ትይዛለች፤ እንግዳው እስኪወጣ ንቅንቅ የለም። 'ውሻ እሰሩ እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ፣ እኔ ግን ሳላስር አኖራታለሁ' ብለው ነው ያስተማሯት።»

«እኛንም ያስተማሩን እዚህ ነው» አለች ከኋላ የቆመች ወጣት አንባቢ፣ እንባዋን በጃኬቷ እጅጌ እየጠረገች። «አዲስ የተቀጠረ ሁሉ መጀመሪያ ጋሽ ሦስቴ ጋ ይላካል። እንዴት እንደሚቆም፣ የት እንደሚያይ፣ ከጌጤ ጋር ይለማመዳል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ከበሩ ሮጬ ወጥቻለሁ። በሳምንቱ እጄ ላይ ተኛች።»

«ስንት ሰው አስተማሩ?» አለች ልጅቷ።

«አርባ እንሆናለን» አሉ ሽበታሙ። «አርባችንም ግምት አንጽፍም።»

ልጅቷ እንባዋ ወረደ፤ የሦስት ቀኑ እንባ ዓይነት ግን አልነበረም። ኩራት ነው የተሰማት፤ ደረቷን የሚነፋ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ «የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ?» የሚያሰኝ ኩራት።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ወረቀቱን አውጥቶ ራሱን አከከ። «እዚህ ላይ 'አደገኛ' ተብሎ ነው የተመዘገበው። ምን ብዬ ልመልሰው?»

«ከመምጣትዎ በፊት አይተዋት ነበር?» አለች።

«አላየኋትም። አሁን ነው ያየኋት።»

«እንግዲያው ያዩትን ይጻፉ።»

ሰውየው አሰበበት፤ አንዱን ቃል ሰርዞ ሌላ ጻፈና ዘንጉን ተሸክሞ ወጣ። አጎቷ የተገለባበጠ ወንበር እያነሱ «ወንድሜ ይህን ነገር አንድ ቀን አልነገረኝም» አሉ።

«እኔም አልጠየቅኩትም፣ ጋሼ» አለች። «ጌጤ የእኔ ናት። ስሄድ አብራኝ ትሄዳለች።»

ምንጣፉን አምጥታ ጥጉ ላይ ዘረጋችው። ሳህኑን ያለ እንጨት፣ ጎንበስ ብላ በእጇ አቀረበችላት። ጌጤ እጇን አሸተተች፤ ከዚያ በላች።

አሥራ አንድ ሰዓት አባቷ ጌጤን ይዘው ይወጡበት የነበረ ሰዓት ነው። ልጅቷ ከሚስማሩ ላይ ገመዱንና የቆዳውን አፍ ማሰሪያ አወረደች። ማሰሪያው እንዴት እንደሚገባ ስትቸገር ጌጤ ራሷ አፍንጫዋን ውስጡ ከተተች። መንገዱ ላይ ሰው ሲመጣ አባቷ ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር፤ «እኛ ማንንም አንፈራም፤ ሰው እንዳይሳቀቅ ነው» ይላሉ። እሷም ሰው ስታይ ተሻገረች፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። ሻይ ቤቱ ፊት ሲደርሱ ባለቤቱ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። በእጇ ሰላም አለችውና አለፈች።

ሲመለሱ ለቀስተኛው ሄዷል፤ አጎቷም ቤታቸው ገብተዋል። ቁልፉን አውጥታ ከመክተቷ በፊት ቆመች። በቁልፉ ጫፍ ብረቱን መታችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጫማውን አጥልቆ በሩ ዘንድ እስኪደርስ የሚፈጀውን ያህል ጠበቀች። ጌጤም አጠገቧ ቁጭ ብላ አብራት ጠበቀች።