የሆሊስ ግንባር

ሚስ ኦዜላ ራትሊፍ አውራ ጣታቸውን በሟች ባላቸው ግንባር ላይ አሳርፈው ከግራ ወደ ቀኝ ሳቡት። መልሰው ከቀኝ ወደ ግራ ሳቡት። ከዚያ ጣታቸውን አንስተው ጫፉን አዩት፤ የቆዳ ቀለም ያለው ቅባት ነክቶታል።

“ይሄ ሆሊስ አይደለም” አሉ።

ገናዡ ሚስተር ታኬት አንገቱን ደፋ አደረገ። ሠላሳ ዓመት ሬሳ ሲያሰናዳ የኖረ ሰው ነው፤ ባል የሞተባቸው ሴቶች እንዲህ እንደሚሉ ያውቃል። “እውነትዎን ነው፤ ነፍሱ እኮ አንዴ ከወጣች...”

“ስለ ነፍሱ ማን አወራ? ግንባሩን ነው ያልኩህ። የማንን ግንባር ነው ያመጣህብኝ?”

ዴልፋ ኮምስ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሬሳ ሳጥኑ ግርጌ ቆማለች። አበባውንና ለስንብት የሚሰለፈውን ሕዝብ እንድታነሳ ሚስ ኦዜላ ለምነዋት ነው የመጣችው። የሽኝት ቤቱ በር ለሕዝብ የሚከፈተው አስር ሰዓት ላይ ነው። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል፤ መኪና ማቆሚያው ግን ከወዲሁ ከየሸለቆው በመጡ ፒክአፖች ተሞልቷል።

ሆሊስ ራትሊፍ በእነዚህ ተራሮች መካከል ባሉ የትምህርት ቤት አዳራሾች ሠላሳ አራት ዓመት ሬስሊንግ ተጫውቷል። መብራት ያለው የማዕድን ቆብ አድርጎ ስለሚገባ ሰው ሁሉ “ቆፋሪው” ይለው ነበር። ግንባሩ ዝናብ የሸረሸረው ማሳ ይመስል ነበር። ላቡ ወደ ዓይኑ አይወርድም፤ በቦዮቹ ተከፋፍሎ ወደ ሁለቱ ጆሮዎቹ ይሄዳል። አሁን ሳጥኑ ውስጥ የተኛው ሰው ግንባር ግን እንደ ሳህን ለስላሳ ነው።

“እኔ እንግዲህ በተሰጠኝ ፎቶ ነው የሠራሁት” አለ ሚስተር ታኬት፤ ቅር ብሎታል። “ፎቶው ያውላችሁ። ሰም ሞልቼ ልክ እንደ ፎቶው አደረግኩት። እንዲያውም ጥሩ ሥራ ነው።”

ሦስቱም ለቀስተኛ ስሙን የሚጽፍበት መዝገብ አጠገብ ወደቆመው ፎቶ ዞሩ።

የዴልፋ ፎቶ ነው። ባለፈው መስከረም ለአንጋፋዎቹ ግጥሚያ ማስታወቂያ ያነሳችው። ዴልፋ ከዚህ ሸለቆ ወጥታ ባሕር ማዶ አምስት ዓመት ፎቶ ተምራ፣ ሰባት ዓመት ደግሞ የባንክ ኃላፊዎችንና የሽቶ ነጋዴዎችን ፊት በኮምፒውተር ስታለሰልስ ኖራለች። “ለአንድ ክረምት” ብላ ተመለሰች። ይኸው ስድስተኛ ክረምቷ ነው፤ ሻንጣዋን እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ አላስገባችም። ያን ቀን ማታም ቀዝቃዛ የበቆሎ ዳቦ እየገመጠች የሆሊስን ግንባር በአስር ደቂቃ አጸዳችው። እጇ ሳያስፈቅዳት የሚሠራው ሥራ ነው። ከጸዳው በቀር ሌላ ቅጂ አላስቀረችም። ሆሊስ ማስታወቂያውን ሲያይ “ይሄ ሰውዬ ወንድሜ ነው እንዴ?” ብሎ ስቆ ነበር። ዴልፋ ምስጋና መስሏት “ምንም አይደል” አለችው።

“እኔ ነኝ” አለች አሁን። “ጠባሳዎቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“እንዲያምር ብዬ።”

“ማን አስጠላኝ አለሽ?”

ሐፍረት መጣባት፤ ግን ከጎረቤት ቤት ግድግዳ በኩል እንደሚሰማ ጭቅጭቅ ነበር፤ ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይያዝም። ሐሙስ ዕለት “ሆሊስ ሞተ” ብለው ሲደውሉላትም እንዲሁ ነበረች። ሳህን እያጠበች ነበር። ስልኩን ዘግታ የቀሩትን ሁለት ሳህኖች አጠበች።

“በሩን አላስከፍትም” አሉ ሚስ ኦዜላ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። “ያ ሁሉ ሰው ተራራ ወርዶ የመጣው ሆሊስን ሊሰናበት ነው። የማላውቀውን ሰው ላሳያቸው ነው? ወይ ሆሊስን አምጡ፣ ወይ ሳጥኑን ዝጉት።”

ሚስተር ታኬት እጆቹን አፋተገ። “ሰሙን ማውጣት እችላለሁ። ግን ቆዳው ተጎትቷል። የቱ ጥልቅ እንደነበር፣ የቱ የት እንደሚያበቃ ሳላውቅ ከነካሁት እበሳዋለሁ። አንድ ትክክለኛ ፎቶ ስጡኝ።”

ዴልፋ ኮምፒውተሯን ከመኪናዋ አምጥታ የአበባ ማስቀመጫው ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው። የስድስት ዓመት ሬስሊንግ፣ አስራ አንድ ሺህ ፎቶ። የሆሊስ ጀርባ አለ። ጫማው አለ። ገመዱን የጨበጠ ቡጢው አለ። ፊቱ የሚታይባቸው ደግሞ በደም ስለተሸፈነ ግንባሩ አንድ ቀይ ነገር ብቻ ነው። የቀሩት በሙሉ ተመልካቾች ናቸው፤ መሐረባቸውን የሚነክሱ ሴቶች፣ ወንበራቸው ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች። ያስለመዳት ራሱ ሆሊስ ነው። “እኔ ስወድቅ እኔን አታንሺ፤ እኔን ሁሉም ያየኛል። እነሱን ግን የሚያያቸው የለም” ይላት ነበር። ታዘዘችው።

“የለም” አለች።

“በቤት የነበረውንም ፎቶ ሁሉ ቤታችን የገባው ጎርፍ በላው” አሉ ሚስ ኦዜላ። ከዚያም “በይ ቨርነንን ጥሪው፤ ኩሽና ነው ያለው” አሉ።

ቨርነን ስፐርሎክ ከእኩለ ቀን ጀምሮ የሽኝት ቤቱ ኩሽና ውስጥ ተሸሽጎ ሰው ያመጣውን ዳቦ በአሳማ ሥጋ ሲበላ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሶ ወርቃማ ሰዓት አንጠልጥሎ ሪንግ ውስጥ “የኩባንያው ሰው” እየተባለ ሃያ ስድስት ዓመት ሆሊስን የደበደበ ተፋላሚ ነው። በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አገር ከዚህ የባሰ የሚጠላ ስም የለም። ፔንትስቪል ላይ ጎማውን ቀድደውበታል፤ አንዲት አሮጊት በኮፍያ መርፌ ወግታዋለች። ጠላትነታቸው ግን ለተመልካች ብቻ ነው፤ እሱና ሆሊስ ከግጥሚያ በኋላ ከከተማ ወጣ ብለው በአንድ መኪና ይሄዱ ነበር፤ ይህን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለስንብቱም በጓሮ በር ገባ።

ዳሌው ስለሚያመው ግድግዳ እየያዘ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ አጎንብሶ አየ።

“ማነው ይሄ? የኢንሹራንስ ወኪል?”

“ዴልፋን ጠይቃት” አሉ ሚስ ኦዜላ።

“አንቺ የኮምስ ልጅ፣ ምን አደረግሽው?”

“አጸዳሁት፣ አጎት ቨርነን።”

“ታጥቦ ነበር እኮ፤ ማን አጽጂ አለሽ?” ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ። “ታኬት፣ መሣሪያህን አምጣ። እኔ ይሄን ግንባር የማውቀው እንደ ቤቴ ደረጃ ነው፤ በጨለማ ወጥቼበት ወርጃለሁ።”

ሚስተር ታኬት ቀጭን ማንኪያ የመሰለ ነገር ይዞ ቀረበ። ቨርነን ሳይነካ ጣቱን ከቆዳው በላይ አስኬደ።

“ከዚህ ጀምር። ይሄ ሃዛርድ ከተማ ነው። በወንበር ነው የመታሁት። ጥልቅ አይደለም፤ ቅንድቡ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። በቃ፣ በቃ! እዚህ ደግሞ ፓይክቪል፤ በደወሉ። ግባ፣ አትፍራ፣ ይሄኛው ይገባል።”

ዴልፋም ሚስ ኦዜላም ወንበሩም ደወሉም እንዳልቆረጡት ያውቃሉ። ሆሊስ እጁ ላይ በጠመጠመው ፕላስተር ሥር የምላጭ ስባሪ ይደብቅ ነበር። ቨርነን በላዩ ተኝቶ ከሰው ዓይን ሲጋርደው ራሱን በራሱ ይቆርጣል። ሚስተር ታኬት ግን የሬስሊንግ ሰው ስላልሆነ ምስጢሩ አይነገረውም፤ እሱ ባለበት ወንበር ወንበር ነው፣ ደወልም ደወል።

ሰሙ እየተፈረፈረ ወጣ። ቦዮቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ።

“ይሄ ሰፊው ብሪስቶል ነው። ከሁሉም የምኮራበት። ከብረት ምሰሶው ጋር...”

“እሱ ያንተ አይደለም” አሉ ሚስ ኦዜላ።

“እንዴት የኔ አይደለም?”

“የኩሽናችን ቁም ሳጥን በር ነው። የቡና ቆርቆሮ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል። እኔ ነኝ ክፍቱን የተውኩት።”

ቨርነን ወደ ሆሊስ ጠቆመ። “ሃያ ዓመት ሙሉ ብሪስቶል እያልኩ ሳወራ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማኝ ነበር እኮ!”

“እንዳይከፋህ ብሎ ነዋ። ‘ቨርነን ያቺን ጠባሳ ይወዳታል’ ይለኝ ነበር።”

ቨርነን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን በኃይል ተናፈጠ። “ውሻ” አለ። “ቀጥል ታኬት፤ ምን ታየኛለህ?”

ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሚስ ኦዜላ ተነስተው አውራ ጣታቸውን እንደገና አሳረፉ። ጣቱ በአንዱ ቦይ ገብቶ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከዚያ ወደ ዴልፋ ዞሩ።

“ምን ትጠብቂያለሽ? ፎቶ አንሺዋ። ያንን የኢንሹራንስ ሰውዬ ደግሞ ከመዝገቡ አጠገብ አስወግጂልኝ።”

በዚህ አገር ሬሳ በሳጥኑ ውስጥ ፎቶ ይነሳል፤ ዴልፋ አክስቷ ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ አንድ መሳቢያ ሙሉ አይታ ነው ያደገችው። ባሕር ማዶ አስተማሪዋ አንዱን ግድግዳ ላይ ሲያሳያቸው ክፍሉ ፀጥ ብሎ ነበር። እሷም እንደማታውቅ ሰው አብራ ፀጥ አለች።

“መብራት ከጎን ነው የምፈልገው” አለች። “ከፊት ከመጣ ጠፍጣፋ ያደርገዋል።”

ቨርነን ከሚስተር ታኬት ጠረጴዛ ላይ መብራቱን ነቅሎ አምጥቶ ሳጥኑ አጠገብ ሰካውና በሁለት እጁ ያዘው። መብራቱን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ጥላዎቹም ግንባሩ ላይ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ዴልፋ ረጋ እስኪል ጠበቀች። ስድስት ጊዜ አነሳች። አጎልታ አየችው፤ እያንዳንዱ ጠርዝ ጥርት ብሏል። ካሜራው እንደከበዳት አወቀች። ከዚያ በቀር የተሰማት የለም። የጸሎት ወረቀት በሚያትሙበት ማተሚያ አትማው የድሮውን ከክፈፉ አውጥታ አዲሱን አስገባችበት።

“በል ክፈት” አሉ ሚስ ኦዜላ። “ቨርነን፣ አንተ እዚሁ አጠገቤ ቁም።”

“እብድ ነሽ? እኔ ካንቺ ጎን ቆሜ ላልቅስ? ሆሊስ ከሳጥኑ ተነስቶ ይመታኛል።” ኮቱን ለበሰ፤ ሰዓቱን አስተካከለ፤ በኩሽና በር ወጣ።

በሩ ተከፍቶ ሕዝቡ ገባ። ሰዎቹ ቆባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ዝም ብለው ያልፋሉ። ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ ሁሉ ወለሉን እያዩ፣ ሆሊስን በጨረፍታ እያዩ። ዴልፋ ጥግ ቆማ ፎቶ ታነሳለች።

አስር ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ደጅ ላይ ጉርምርምታ ተሰማ። ቨርነን ስፐርሎክ ደረቱን ነፍቶ፣ ሳያነክስ፣ በዋናው በር ገባ።

“ምን ልታደርግ መጣህ አንተ?” አለ አንድ ሽማግሌ።

“መሞቱን ላረጋግጥ! ቆፋሪ ይታመናል እንዴ?”

ጉርምርምታው ጨመረ። አንዱ “አውጡት!” አለ። ቨርነን ሰልፉን ጥሶ ሳጥኑ ጋ ደረሰና ጣቱን ወደ ግንባሩ ቀሰረ። “እዩት! ሁሉም የኔ ሥራ ነው። እያንዳንዷ መስመር! ከዚህ ሁሉ ወራዳ መሃል አንዷ እንኳ የኔ እንዳልሆነች የሚያሳየኝ አለ?”

ሚስ ኦዜላ የቁም ሳጥኑን በር አስታውሰው ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ።

“ውሸታም!” አለች አንዲት ሰማንያ የተጠጋች ሴት፤ ከዘራዋን እያነሳች ወደ ፊት መጣች። “ፔንትስቪል እኔ ነበርኩ! ገመዱ ነው የቆረጠው፤ አንተማ ሸሽተህ ነበር!” ሌሎቹም ከኋላዋ ተግተልትለው መጡ፤ ሳጥኑን ከበቡ። አሁን ወለሉን የሚያይ የለም። አጎነበሱ፤ ጠቆሙ፤ የትኛው የት እንደሆነ ተጨቃጨቁ። አንዱ ሃዛርድ ይላል፣ አንዱ የለም ብሪስቶል ነው ይላል። ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ ፊቷን ወደ ሆሊስ ፊት አስጠጋች።

“የት አለች ያቺ የፔንትስቪሏ... ምኑም አይታየኝ!”

ዴልፋ ካሜራዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ የጠረጴዛውን መብራት አነሳች። ሰው መሃል ገብታ ከጎን በኩል ያዘችላት።