የዝናብ ወሬ ከሐርላ

«እስቲ አንዴ ስሙኝ» አለ ሰማታር። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ጋብ አለ። «ዐብዱልዓዚዝ የላከልኝ የመጨረሻ ግጥም ይቺ ናት። የዛሬ ሳምንት ነው የላከልኝ።»

ዊዳድ የሻይ ትሪ እንደያዘች መግቢያው ላይ ቆመች። ሽማግሌው መነጽሩን አስተካክሎ ከስልኩ ላይ አነበበ፦

ምንም ሳይዘንብበት አሸዋው ረጠበ፣
ሩቅ አገር ያለ ሰው እኛን ነው ያሰበ።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ ወንዶቹ። አንዱ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«እንዲህ የሚጽፍ ሰው ይሞታል ብዬ እንዴት ልገምት?» አለ ሰማታር። «ደህና ነው ብዬ ነው እኮ ያልመጣሁት።»

ዊዳድ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ግጥሙ የአባቷ አልነበረም። የእሷ ነበር።

የተዕዚያው፣ የለቅሶው፣ ሁለተኛ ቀን ነው። ሴቶቹ ዘንድ ስትመለስ እናቷ አሚራ ምንጣፉ ላይ ሆና ሰምታ ኖሯል።

«ያቺን ግጥም በትልቁ ጻፊልኝ። ግድግዳው ላይ እሰቅላታለሁ። የመጨረሻ ቃሉ ናት።»

ጎረቤታቸው ቦጋለች እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «አቦ ዐብዱልዓዚዝ! ቲማቲም ሲሸጥም ግጥም ነበር። ስንቴ የፈረጠችዋን በግጥም አሳምሮ አሸክሞኛል!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እናቷም ፈገግ አለች። ዊዳድ ወረቀት ልትፈልግ ተነሳች።

አባቷ ቀፊራ ገበያ፣ ከወንዙ ዳር ነበር የሚሸጠው። የድሬዳዋ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን፣ ከተማው ውስጥ ፀሐይ እየነደደ ጎርፉ ይመጣል። ተራራው ደግሞ ሐርላ መንደር ካለው ከወዳጁ ከሰማታር ደጅ ላይ ወለል ብሎ ይታያል። ስለዚህ በበልግ አባቷ ሁልጊዜ ጠዋት «ዘነበ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም «ዘነበ» ወይ «አልዘነበም» ይለዋል። ቲማቲሙን ከወንዙ አፍ ማራቅ አለማራቁን የሚወስነው በዚያ ነበር። ከዓመት ዓመት አንድ ቃል ብቻ መለዋወጡ ሰለቻቸውና ወሬውን በሁለት ስንኝ ያደርጉት ጀመር። ሐርላ ላይ ድምፅ ስለሚቆራረጥ በጽሑፍ ነበር የሚላላኩት። የአባቷ ዓይን ሲደክም እሱ ይናገራል፣ ዊዳድ ትጽፋለች።

ደመናው መጣ አሉ ከሐረር ተራራ፣
እኛ ጋ አልደረሰም ሰው ቤት እያወራ።

ደቂቃ ሳይቆይ ከሐርላ መልስ ይመጣል፦

ሐርላ ገብቶ ነበር ሻይ ጠጥቶ ወጣ፣
ድሬ ሙቅ ነው ብሎ ፈርቶ ነው ያልመጣ።

አባቷ ይኼን ስታነብለት ጉልበቱን እየመታ ይስቅ ነበር። ከዚያ ስኳሩ ጣለው። ትንፋሽ ሲያጥረው፣ የሰማታር መልእክት ስልኩ ላይ ሲንጫጫ፣ ወደ ዊዳድ ዞሮ «መልሺለት» አላት። «እንዳይጨነቅ።» እሷም መለሰች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ወር ሙሉ። ዩኒቨርሲቲ እያለች ጽፋ ለማንም ያላሳየችው ሁሉ ባባቷ ስም ወደ ሐርላ ሄደ፤ ሰማታር ደግሞ «ሽማግሌ፣ ዘንድሮ ምን በልተህ ነው?» እያለ ያደንቅላት ነበር። ደስ ብሏት ነበር። አሁን የሚያንገበግባት ያ ደስታ ነው።

ከአስር ሰላት በኋላ ሰማታርን ውዱእ ካደረገበት የውሃ በርሜል አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው።

«አዴር» አለችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በሶማልኛ አጎቴ እያለች ነው የምትጠራው። «ያነበብካት ግጥም የአባዬ አይደለችም።»

«የማን ናት ታዲያ?»

«የኔ። ከረመዳን ወዲህ ያለው ሁሉ የኔ ነው። መናገር አቅቶት ነበር።»

ሰማታር መሬት መሬቱን አየ።

«ታሟል ብትይኝ በማግስቱ እመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቲማቲም የጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬም ቢሆን እመጣ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አዴር።»

ተነስቶ የሚሄድ መሰላት። እሱ ግን ስልኩን አወጣና አጠገቡ ያለውን ድንጋይ በእጁ ጠረገላት። «ነይ ተቀመጪ። የሱን ካንቺ ለዪልኝ።»

ከታች ወደ ላይ እየገፋ ያሳያት ጀመር።

«ይሄ?»

«የኔ።»

«ስለ ንፋሱ ያለውስ?»

«የኔ።»

«ይሄ እንኳን የሱ ነው። ሆዴን ይዤ የሳቅኩበት ነው።»

«የኔ ነው። ይቅርታ።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልጋል! ጥሩ ነው እኮ አቦ!» አለ እንደ መቆጣት ብሎ። ከዚያ ጣቱ ቆመ። «ይሄስ?»

ዛሬ ሰማይ የለም አቧራ ብቻ ነው፣
የምለው አጣሁኝ፣ አንተ ጋስ እንዴት ነው?

ዊዳድ ያን ጠዋት አስታወሰችው። አባቷ በየቃሉ መሃል እያረፈ ነበር የተናገረው። ልታቃናለት ስትል «ተይው፣ እንዲሁ ላኪው» ብሏታል።

«የሱ ነው» አለች። «የመጨረሻው።»

ከሥሩ የሰማታር መልስ አለ፦ «ነውን በነው? ሽማግሌ፣ ቤት መምታት ረሳህ እንዴ!»

«ቀለድኩበት» አለ ሰማታር።

«አንብቤለት ስቋል። ወላሂ ስቋል።»

«ሰውየው ግን እንዴት ነው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልመለስኩለትም።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ለእናትሽ ይሄን ጻፊላት። ቤቱ ባይመታም የሱ ነው። ያንቺን ደግሞ በስምሽ ላኪልኝ፤ እኔ ሐርላ ዝናብ ብቻ አይደለም የምጠብቀው።»

ዊዳድ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሰማታር በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ መጻፍ ጀመረ። ድንኳኑ ውስጥ ቁርኣን ተነብቦ፣ ዱዓ ተደርጎ አበቃ፤ እሱ ገና እየጻፈ ነበር። በመጨረሻ የአባቷ ስልክ ዊዳድ ኪስ ውስጥ ነዘረ።

እኔ ጋ ዝናብ ነው፣ ሜዳው ሁሉ ሣር ነው፣
የምነግረው አጣሁ፣ አንተ ጋስ እንዴት ነው?

ምንም አልጻፈችም። መልእክቱን ከፈተችው ብቻ። ሰማታር ስልክ ላይ፣ መነበቡን የሚያሳየው ሁለተኛው ምልክት ከመጀመሪያው ጎን መጥቶ ቆመ። ሽማግሌው በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳበሰው።